ሠላሳ ሦስት ዲግሪ

ቤርሼባ መሽቷል። በሰባት ቁጥር አልጋ
መሱድን እጠብቃለሁ እስኪነጋ።
የዲሞናው መስመር ሾፌር ነው። ከትናንት ወዲያ
መሪ እንደጨበጠ ልቡ ቆመች፣ ቀይ መብራት ላይ፣ ከበደዊኖቹ ገበያ።
ተሳፋሪው መስሎት የመብራት ጥበቃ
«አረንጓዴ በራ!» ብሎ ጮኸበት። አልነቃ።

ብርድ ልብስ እንላለን፣ ብርድ እንዳይገባ የምንደርበውን፤
ዛሬ ነው ያየሁት፣ በእውነት ብርድ የሚያለብሰውን።
በውስጡ የበረዶ ውሃ ይዞራል፤ እኔ ቁጥሩን አያለሁ፣
ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ ሦስት፣ እጽፋለሁ።
ላብ የለው፣ ሕልም የለው፣ ጢሙ እንኳ ማደጉን የረሳ መስሏል፤
ከሞት ወዲህ፣ ከእንቅልፍ ወዲያ፣ መሐል መንገድ ላይ አቁመነዋል።

ዶክተር ኖጋ ሁለት ሌሊት አልተኛችም፤ ወሬዋ ግን ሁሉ እንቅልፍ ነው።
«ኔጌቭ ውስጥ አለች» አለችኝ «አንዲት ነጭ ቀንድ አውጣ፣
በሯን በኖራ መርጋ ትተኛለች፣ ዝናብ እስኪመጣ።
ክረምቱ ቢቀር፣ የሚቀጥለው ቢቀር፣ ሦስተኛው ደርቆ ቢያልፍ፣
አትበላም፣ አታረጅም፤ ድርቅን ታታልላለች በእንቅልፍ።»
ሰውም አንድ ቀን ይችላል ትላለች።
ፈውስ ያልተገኘለት ይተኛል፣ መድኃኒቱ እስኪቀመም፤
ማርስ የሚሄደው ይተኛል፤ «ደረስን» ሲሉት ይነሣል፣ ሳያረጅ፣ ሳይታመም።
«አንቺስ? ብትችዪ፣ ሃያ ዓመት ትተኚ ነበር?»
ሳቅሁ። የእናቴ እህት ዝማም ትዝ አለችኝ፣ ጎንደር።

ዝማም ከመንደሯ ወረደች፣ ሁለት በሬዎቿን ሸጣ፤
«በሚቀጥለው ወር ትሄዳላችሁ» ተባለች። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠበቀች።
የተከራየችውን ግድግዳ አልለሰነችም፤ «ለማን ብዬ?» እያለች።
ጎመን እንጂ ዛፍ አልተከለችም።
ከቤቱ ሁሉ ማሰሮዋ ብቻ ነቃ፤ በሊጥ ደፈነችው፣ ሌላ አልገዛችም።
ለልጇ ለአበጀ የአውሮፕላን ጫማ ገዝታ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ፣
ከአልጋ ሥር አኖረች።
ጫማው አዲስ እንደሆነ ቀረ፤
እግሩ አደገ።

እነ ኖጋ የሚሹት ሥጋ ቆሞ ጊዜ እንዲሄድ ነው፤
እኛ ያየነው ጊዜ ቆሞ ሥጋ ሲሄድ ነው።

አየር ማረፊያው ላይ ጸሐፊዋ «ዕድሜ?» ብትላት
«ሃምሳ ሁለት» አለች ዝማም፣ ጎንደር የገባች ዕለት የነበራት።
ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየች፣ ከሻሿ ያመለጠውን ሽበት፤
ከዚያ አጎንብሳ ጻፈች፣ ሃምሳ ሁለት።

ይህን ለኖጋ በዕብራይስጥ እንዴት ልንገራት?
«ማን ይቀሰቅሰኛል?» ብቻ አልኳት።
ቀንድ አውጣዋን ዝናብ ያንኳኳላታል፤ ዝማምን ማኅተም ያለበት ወረቀት።
እኔን ግን ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ተረኛዋ ማን ናት?
ስሜን ታውቀዋለች? ወይስ የአልጋዬን ቁጥር?
ኖጋ ዝም አለች፤ ከዚያ ስልኳ ተጠራ፣ ሄደች።

ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ማሞቅ ጀምረናል፤ በሰዓት ሩብ ዲግሪ።
ቢፈጥን አንጎል ያብጣል። ከዚያ የሚመለስ ሰው አይቸኮልበትም።
ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ዞሃራ የሥራ ኮቱን ታቅፋ ተቀምጣለች፤
ኪሱ ውስጥ ቁልፍ አለ፤ በተነፈሰች ቁጥር ይንቃጨላል።
ጎሕ ሲቀድ የመጀመሪያው የዲሞና አውቶቡስ በመስኮቱ ሥር አለፈ፣
በሌላ ሾፌር።

ሠላሳ አራት ከሩብ።
ጣቱ ተንቀሳቀሰ፤ ወይም ዓይኔ ነው፣ እንቅልፍ ያጣ። አልጻፍኩትም።
ወደ ጆሮው ጎንበስ ብዬ «መሱድ፣ አረንጓዴ በራ» አልኩት።
በአማርኛ ነው ያልኩት።
ዕብራይስጡ ጠፋብኝ።